የኮምቦልቻ አየር ስንት ይመዝናል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ከቀኑ 9፡30

ዛሬም 1.58። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። መለኪያውን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ደግሜ አነበብኩ። 1.58 ኪሎ አየር በሰከንድ። ፈቅ አይልም።

ደብተሬ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። የፋብሪካችን የሽመና ማሽኖች ክሩን የሚወረውሩት በታመቀ አየር ነው። አየሩን የሚያምቀው ከግቢው ጥግ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተተከለ አንድ ትልቅ ቱርቦ ኮምፕሬሰር ነው። ከክረምቱ ጀምሮ አየር አጠረ። ማሽኖቹ በየመሀሉ ይቆማሉ፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሸማኔዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ነሐሴ ላይ ለካሁ፣ አሰላሁ፣ ሪፖርት ጻፍኩ፦ ኮምፕሬሰሩ ከአምስት አንድ እጅ ጎድሎበታል፤ ምክንያቱ የእንክብካቤ ጉድለት ሊሆን ይችላል። እኔ ያልኩት «ሊሆን ይችላል» ነው። ሥ/አስኪያጁ «ነው» ብለው አነበቡት።

መስከረም ላይ የኮምፕሬሰሩን ሠራተኛ ጋሽ ይመርን ከማሽኑ አነሷቸው። ሃያ አንድ ዓመት የተንከባከቡትን ማሽን። አሁን መለዋወጫ መጋዘን መስኮት ላይ ተቀምጠው ብሎን ያድላሉ።

እሳቸው ከተነሱ በኋላ ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ማሽኑን አጠቡት። ማጣሪያውንም ቀየሩ። ቆሻሻ ከነበረ ቁጥሩ ከፍ ማለት ነበረበት። ያውልህ፣ 1.58።

ስሌቱን ደገምኩት። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የሰጡን ወረቀት 2.0 ይላል። ያ ግን ለባሕር ጠለል አየር፣ ለ15 ዲግሪ ሙቀት የተጻፈ ነው። ኮምቦልቻ ባሕር ዳር አይደለችም። ስለዚህ የለካሁትን መጀመሪያ ወደ እነሱ አየር መመንዘር አለብኝ፤ የዕለቱን ሙቀትና የዕለቱን የአየር ግፊት አስገብቼ። ያኔ ብቻ ነው ሁለቱ ቁጥሮች የሚነጻጸሩት። ሙቀት 27። ግፊት 1019፣ እንደ ሁልጊዜው ከስልኬ የአየር ጠባይ መረጃ። ውጤት 1.6። ከ2.0 አንድ አምስተኛው የለም።

ምሳ ብቻዬን። ዳቦ በሻይ። በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ «ደህና ዋሉ ጋሽ ይመር» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀና አላሉም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6፤ ማታ 1 ሰዓት፣ ደሴ ሆጤ

ቤት ገባሁ። በሩን ስከፍት «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩ። ልማድ ነው። የሚመልስ የለም። እማዬ ከሞተች ሰባት ወር። ክፍሏን አልነካሁትም፤ ነጠላዋ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ደሴ ደግሞ ብርዷን ጀምራለች። ቀን ኮምቦልቻ ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ስሠራ እውልና ማታ እዚህ በጋቢ እጠቀለላለሁ።

የቴክኒክ ክፍሉ ም/ኃላፊ ተደርጌያለሁ፤ ነግሬህ ይሆን? ደብዳቤው ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። የሚደሰትልኝ ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ጋሽ ይመርን አስባለሁ። እማዬን ቀብሬ ሥራ ስመለስ ሰው ሁሉ በየተራ «አላህ ያጽናሽ» ብሎኝ ወደየሥራው ሄደ። ጋሽ ይመር ምንም አላሉም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ቂጣቸውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ፊቴ አደረጉት። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬ ኮምፕሬሰሩ ቤት ሆነ። ጫጫታ ነው፤ እየጮኽን ነበር የምናወራው። ቢስቲማ ስላለችው መሬታቸው፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጎመናቸው። «ቁጥሮችሽ እንዴት አደሩ?» ይሉኛል። በዚህ ከተማና በዚያ ከተማ መሀል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእሳቸው ሌላ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ከዚያ ነሐሴ ላይ የሠራተኞች ስብሰባ ተጠራ። ሪፖርቴን አቀረብኩ። ጋሽ ይመር ተነሡና «ማሽኑ አልታመመም» አሉ፤ «አየር ያጠረን አሥሩ አዳዲስ የሽመና ማሽኖች ከተተከሉ ወዲህ ነው፣ የኮምፕሬሰሩን ድምፅ አውቀዋለሁ።» ሥ/አስኪያጁም «ጋሽ ይመር፣ እኛ የምንሠራው በቁጥር ነው፣ በጆሮ አይደለም» አሏቸው። አዳራሹ ሳቀ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም ነበር።


ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ምንም የለም። ለካሁ። 1.58። ጁምዓ ስለሆነ ግማሹ ሠራተኛ መስጊድ ሄደ፤ ግቢው ጭር አለ። ኅዳር 9 ማሽኑ ተከፍቶ አየሩን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ እንዲቀየር ተወስኗል። ሽመናው ለሳምንታት ይቆማል። በኔ ወረቀት።




ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጧት 2፡40

በሩጫ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ቢያስጠላ ይቅር በለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ነው የሆነው። ደሴ መናኸሪያ ውሃ ጠጣሁ፣ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥርቅም አድርጌ ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ሳወጣው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማዷል። ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዛሬ ግን አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሞተው?» አሉኝ። አስረዳኋቸው፦ ላይ ደሴ አየሩ ስስ ነው፣ ታች ኮምቦልቻ ይከብዳል፣ የታችኛው አየር ጠርሙሱን ይጫነዋል። «እህ! አየርም ይከብዳል ለካ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ የዕለቱን ግፊት ልመዘግብ ስልኬን ከፈትኩ።

1019።

ጧት ቤቴ ሆኜ ያየሁትም 1019 ነበር።

ጠርሙሱ እጄ ላይ ተጨማዷል። ስልኬ ግን የደሴም የኮምቦልቻም አየር አንድ ነው ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ጠርሙስ ደግሞ መዋሸት አይችልም።

ወዲያው ገባኝ። እንዴት እስከዛሬ? የአየር ጠባይ ሰዎች የየከተማውን ግፊት ለማነጻጸር ሁሉንም ወደ ባሕር ጠለል መንዝረው ነው የሚያወጡት። ስልኬ የሚነግረኝ ኮምቦልቻ ባሕር ዳር ብትሆን የሚኖራትን ግፊት ነው። ማሽኑ የሚተነፍሰውን አየር አይደለም። እኔ ያንን የተመነዘረ ቁጥር ይዤ ልመነዝር ተቀመጥኩ።

የጨርቅ መፈተሻ ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ የቆየ የግፊት መለኪያ አለ። ማንም አያየውም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሮጥኩ። 815።

815! የባሕር ጠለሉ መደበኛ 1013 ነው።


ያው ቀን፤ ከቀኑ 6፡15

አሰላሁ። 1.58፣ ሙቀት 27፣ ግፊት 815። ውጤት 2.0። ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ።

ማሽኑ ጤነኛ ነው። በሚገባ የተያዘ፣ ከፋብሪካው እንደወጣ ያለ ማሽን። የኛ አየር ስስ ነው፣ እሱ ደግሞ ያገኘውን ነው የሚያምቀው። ድሮ ይበቃን ነበር። አሥር ማሽን ተጨመረና አልበቃ አለ። ጋሽ ይመር ያሉት ቃል በቃል።

መደሰት አለብኝ? መልሱን አገኘሁ እኮ። ምሳ አልበላሁም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ስድስት ጊዜ ደገምኩት። ስህተት እንዲገኝበት ተመኘሁ፤ በአዲሱ ስሌት፣ በአሮጌው ሳይሆን። የለበትም።

አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ፤ ጻፈው።

ከሰዓት በኋላ የማያስፈልገኝን ብሎን ልጠይቅ መጋዘን ሄድኩ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው ሞሉ። አፌን ከፈትኩ። «ስንት ቁጥር ነው?» አሉኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩ። ሰጡኝ። ወጣሁ። ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነው።

ተረኛዋ የመጋዘን ልጅ ተከትላኝ ወጥታ ነገረችኝ፦ ጋሽ ይመር ጡረታቸውን ቀድመው ጠይቀዋል። ከሐሙስ ወዲያ አይመጡም። ግማሽ ዓመት ነበር የቀራቸው። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ አልጨርሰውም አሉ አለችኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ትናንት ሄዱ። ማንም አልሸኛቸውም። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ በመስኮት አየሁ፤ አንዲት ፌስታል ይዘው ነው የወጡት። ያልወረድኩበትን ምክንያት ለመጻፍ ሞከርኩ፤ ሰረዝኩት።

ዛሬ ሥ/አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጡ ሰው አይደሉም። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔና እርስዎ።»

«ጥሩ። ማሽኑን መክፈቱን እንተወዋለን። ከኪሳራ አዳንሽን ማለት ነው። አንድ ማስታወሻ ጻፊ። የመለኪያ መሣሪያ ስህተት ነበር በይ።»

«መሣሪያው ልክ ነው ጌታዬ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«መዲና፣ ም/ኃላፊ ካደረግንሽ ገና ወር አልሞላሽም። ሰው ሲሳሳት ያፍራል። መሣሪያ አያፍርም። ሰኞ ፈርመሽ አምጪ።»

«ጋሽ ይመርስ?»

«ሰውየው ጡረታ ወጡ። ይረፉበት።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ነው የታየኝ። መለኪያ መሣሪያዎቹን ሁሉ ሲንከባከቡ የኖሩት ማን ሆነና? መሣሪያው ተሳሳተ ማለት ጋሽ ይመር አበላሹት ማለት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በኔ ፊርማ።


እሑድ፣ ጥቅምት 17፤ ማታ 12፡30

ቢስቲማ ደርሼ መጣሁ። በሐይቅ ከተማ በኩል። መንገዱ አቧራ ነው፣ ጎኔ ተቀጥቅጧል። ሳልረሳው ሁሉንም ልጻፍልህ።

ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ አገላብጠው ሳሙኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ። ስሜን ስናገር እጃቸው ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቀዘቀዘ። ቢሆንም አስገቡኝ፣ እርጎ ሰጡኝ። ጋሽ ይመር ከጓሮ መጡ፣ እጃቸው ጭቃ ነው። «መርሐባ» አሉ። ታጥበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ሁለቱን መስመር አሳየኋቸው፤ አንዱ በ1019፣ አንዱ በ815። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው 1019ን ነኩ።

«ይኸ የባሕሩ ነው።»

«አዎ።»

«የኛን አየር ሳትመዝኚ ነዋ የፈረድሽብኝ።»

«አዎ ጋሽ ይመር።»

እትዬ ዘምዘም ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ከዚያ ጋሽ ይመር፦

«ስንት ሰው ሰማ ይህን?»

«እርስዎና ሥራ አስኪያጁ።»

«ስሜን የጣሉት በስንት ሰው ፊት ነው?»

መልሱን እናውቀዋለን። አዳራሹ ሙሉ ነበር።

«ያን ቀን ፈገግ ስትዪ አይቼሻለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው አልከረረም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «የሌላው ሳቅ ምንም አልመሰለኝ። ቂጣዬን የበላች ልጅ ግን… ተይው።»

አለቀስኩ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን አውፍ ብልሽ ከአፌ ነው፣ ከልቤ አይደለም። አላህም አይወደውም። ልጄ፣ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ነግረሽኛል፤ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ። ግን ስሜ የወደቀው እዚህ አይደለም። የወደቀበት ሄደሽ አንሺው።»

እስከ መኪናው ሸኙኝ። መንገድ ላይ ስለ ማሽኑ ምንም አልጠየቁም። መኪናው ሲነሣ «አብሽሪ» አሉኝ ብቻ።

ሥ/አስኪያጁ ያስጻፉኝ ማስታወሻ ጠረጴዛው ላይ ነው። የፊርማ ቦታው ባዶ ነው።


ሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት

ተናገርኩ።

ጧት ፈረቃ ሲቀያየር ሁለቱም ቡድን ግቢው ውስጥ ይሰበሰባል። የደኅንነት መመሪያ ይነበባል፣ ሰው እያዛጋ ይሰማል። እጄን አነሣሁ። ሥ/አስኪያጁ በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ አይቻለሁ። ወደ ፊት ወጣሁ። ብዙ ገጽ ጽፌ ነበር፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ባሕር ጠለል። ወረቀቱን አጠፍኩትና ያለኝን አልኩ፦ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ነው። ነሐሴ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አስገብቼ ጥፋቱን በጋሽ ይመር ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ስብሰባው ላይ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሸማኔ፦

«እና ጋሽ ይመር የት አሉ?»

ሥ/አስኪያጁ ሄደው ነበር።

ቢሮዬ ገባሁ። ማስታወሻውን ሳልፈርም ለሥ/አስኪያጁ ላክሁት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ውጤቱ ይኸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ም/ኃላፊነቱ ተነሣ። ከነገ ጀምሮ ምድቤ ኮምፕሬሰሩ ቤት ነው፤ ቅጣት ብለው። ጠረጴዛዬን ባዶ ሳደርግ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። አልፈርድባቸውም። ጋሽ ይመር ሲወጡ እኔስ በመስኮት አይደል ያየሁ።

ማሽኑ አይከፈትም። አሥሩን አዳዲስ ማሽኖች በየተራ እያሳረፉ ማሠራት ተጀምሯል፤ ቀይ መብራቱ ቀነሰ። ሌላ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይገዛል እየተባለ ነው። ለጋሽ ይመርም ደብዳቤ ተጽፏል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ «በቴክኒክ ማጣራት ከተጠያቂነት ነፃ መሆንዎ ተረጋግጧል፣ ወደ ቀድሞ ምድብዎ መመለስ ይችላሉ» ይላል። ግልባጩን አይቻለሁ። ያን ጧት የጠየቀችው ሸማኔ ከጓደኞቿ ጋር ሆና አስተዳደር ቢሮ በር ላይ ሁለት ቀን ባትቆም ይህም አይጻፍም ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ኮምፕሬሰሩ ቤት አራተኛ ቀኔ። ሞቃት ነው። መለኪያ አነባለሁ፣ መዝገብ እሞላለሁ። ግፊቱን ከግድግዳው መለኪያ እወስዳለሁ፤ ዛሬ 816። ሰው አይመጣም። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ አንድም ቃል አልናገርም። ማታ ቤት ገብቼ ድምፄን ለመስማት ብቻ የሬዲዮውን ዜና ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 28፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ስልክ ተደወለ። ጋሽ ይመር። ሮጬ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እዚያ ውስጥ አይሰማም።

ሰላምታው አለቀ። ደብዳቤው ደርሷቸዋል። ግቢው ውስጥ የሆነውንም ሰምተዋል፣ ወሬ ከደብዳቤ ቀድሞ ነው ቢስቲማ የደረሰው።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አሉ። «አሁን ከልቤ ነው።»

ከዚያ ይመለሱ እንደሆነ ጠየቅሁ። ቦታቸውን ወዲያው እንደምለቅላቸው፣ ማሽኑም እንደሚጠብቃቸው ነገርኳቸው።

«አይ። እኔስ በቃኝ» አሉ። «ያንን በር ሁለተኛ አልረግጠውም። ወላሂ በቂም አይደለም። ደክሞኛል ልጄ።»

እሺ አልኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም። ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል፣ እትዬ ዘምዘም አንድ ሰው ይጣራሉ። ሞቅ ያለ ቤት ነው። «በይ ደህና ሁኚ» አሉ። ተዘጋ።

አውፍ አሉኝ። ስንት ቀን ስጠብቀው የኖርኩት ቃል። ቀለለኝ፤ አልዋሽህም። ግን «ነይ» አላሉኝም። «ብቅ በዪ» እንኳ አላሉም። ይቅርታና እንደ ድሮ መሆን አንድ እንዳልሆኑ ዛሬ ገባኝ፤ ደጅ ቆሜ፣ ፀሐዩ ናላዬን እያዞረው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስብ ነበር። ቢስቲማ ባልሄድ አይቀየሙኝም። ብሄድ ምናልባት ነገሩ ይከብዳቸው ይሆናል። እትዬ ዘምዘም እርጎ ያቀርባሉ፣ እሳቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ የምንለው ያልቅብናል፣ ተነሥቼ እመጣለሁ። ወይም በሩ ላይ ሆነው ደህና ነሽ ብለው ይመልሱኝ ይሆናል። ሁለቱንም አሰብኩት። ሁለቱንም እችለዋለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ የማይንኳኳ በር መጠበቁን ነው የማልችለው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። ስድስት ሰዓት ላይ የሐይቅን መኪና እይዛለሁ። አልተጠራሁም። እሄዳለሁ።